የነጣው መስኮት

ጋሽ በርጋ መሞቱን የሰማሁት እንሴኖ ገበያ መሃል በፕላስቲክ ጫማ ዋጋ እየተከራከርኩ ሳለ ነው። በቀኝ እጄ አንድ እግር ጫማ፣ በግራዬ ስልክ ይዣለሁ። «ሸምሱ፣ ጋሽ በርጋ አረፈ» አለኝ የዕድራችን ጸሐፊ። «እሺ» ብዬ ዘጋሁና ለሻጩ መጀመሪያ የጠራውን ዋጋ ከፈልኩት። ሰውዬው ደነገጠ። የሚያውቁኝ ነጋዴዎች «ሸምሱ የመጀመሪያ ዋጋ ሲነገረው እንደ ሰላምታ ነው የሚቆጥረው» እያሉ ያሙኛል፤ እውነታቸውን ነው። ያን ቀን ግን ሰላምታውን ከፈልኩ።

ወደ ቡታጅራ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የማስበው ስለ ሟቹ አልነበረም፤ ስለ ሚስቱ ነበር። እትዬ አስቴርን ምን ብዬ ነው የማያት? ከባሏ ጋር አብረን የያዝነው ምስጢር ነበር። እሱ የራሱን ድርሻ ይዞ ሄደ፤ የእኔ ድርሻ እኔው ጋ ቀረ። ይህን የምጽፈውም እሱን ለማመስገን ብቻ አይደለም።

ጋሽ በርጋ ሰዓት ጠጋኝ ነበር። እኔ መናኸሪያው አጠገብ ከመርፌ እስከ ብርድ ልብስ የሚሸጥበት ሱቅ አለኝ፤ የእሱ መሥሪያ ደግሞ ከሱቄ ግድግዳ ጋር የተለጠፈች፣ ሦስት ጎኗ መስታወት የሆነች ሳጥን ነበረች። ከሩቅ ያየው ገጠሬ ሰውየውም የሚሸጥ መስሎት ዋጋ ሊጠይቅ ይችላል። የተወለደው ሶዶ ነው፣ ጥያ አካባቢ። ሲናደድ አማርኛውን ትቶ ወደ አገሩ ቋንቋ፣ ወደ ክስታንኛ ይገባል፤ እኔ መስቃን ስለሆንኩ ግማሹን እሰማዋለሁ፣ ግማሹን ደግሞ ከፊቱ አነበዋለሁ።

ሲሠራ ትንፋሹን ይይዛል። የሰዓት ሆድ ከከፈተ አይናገርም፣ አይስቅም። «ትንፋሽ ውኃ ነው» ይል ነበር። «ሰዓት ላይ የተነፈሰ ሰው ሰዓት ላይ እንደተፋ ቁጠረው።» ከፍቶ ሳይጨርስ ሰው ከመጣበት አቧራ እንዳይገባ ዕቃው ላይ የመስታወት ክዳን ይደፋበታል፤ የድሮ ኬክ ቤት ኬክ ላይ የሚደፋው ዓይነት ነው። ሰላም ብለኸው ካልመለሰልህ ንቆህ አይደለም። የሆነ ሰዓት ሆዱን ከፍቶ ተኝቷል ማለት ነው።

ስሙ የወጣው ግን በእጁ ሳይሆን በአፉ ነው። ሌሎቹ ጠጋኞች የሞተ ሰዓት ቀስቅሰው ባለቤቱ አውቶቡስ ላይ እስኪወጣ ድረስ ያስኬዱታል። ጋሽ በርጋ ከፍቶ፣ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ አይቶ፣ ይዘጋዋል። «ይሄ ሞቷል። ለማንም እንዳትከፍል።» በቃ። ለገበሬውም፣ ለወረዳ ሹሙም፣ ለሙሽራውም ያው ነው።

አንድ ቀን አንድ ጎረምሳ የሚያብረቀርቅ ሰዓት ይዞለት መጣ። ከፈተው፣ ዘጋው።

«ይሄ መሞት እንኳ አልሞተም፤ መጀመሪያም ነፍስ አልነበረውም። ማነው የሸጠልህ?»

ጎረምሳው ጣቱን ወደ እኔ ሱቅ ቀሰረ። ጋሽ በርጋ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ።

«ሸምሱ! ገንዘቡን መልስለት።»

«ወላሂ ጋሼ፣ ስሸጥለት ይሄድ ነበር!»

«አንተ ወላሂ ካልክማ መክፈትም አልነበረብኝ።»

መናኸሪያው ሁሉ ሳቀብኝ። መለስኩለት። ከዚያ ወዲህ ሰዓት ሳመጣ መጀመሪያ ለእሱ አሳየዋለሁ፤ «ይሄን ለሰው ሽጥ፣ ይሄን ለጠላትህ ሽጥ» እያለ ይለይልኛል። እንግዲህ የእኛ ጉርብትና ይህን ይመስል ነበር። እሱ የማይዋሽ፣ እኔ በውሸት የምኖር ባልልም፣ እውነትን በችርቻሮ የምሸጥ።

ከእትዬ አስቴር ጋር አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ናትናኤል። እኛ ናቲ እንለዋለን። ጉብሬ ካለው ዩኒቨርሲቲ ሜካኒካል ምሕንድስና ተምሮ ሲወጣ የመርከብ ኢንጂነር ሆኖ ሰለጠነና በውጭ አገር ዕቃ ጫኝ መርከብ ላይ ተቀጠረ። ቡታጅራ ውስጥ ትልቁ ውኃ ክረምት ላይ መናኸሪያው ውስጥ የሚተኛው ነው፤ ስለዚህ የናቲን ሥራ ማንም በትክክል አይረዳውም ነበር። ጋሽ በርጋ ግን ገብቶታል። «ትልቅ ሰዓት ነው የሚጠግነው» ይል ነበር።

ናቲ መጨረሻ በፈቃድ ሲመጣ ለአባቱ አንድ ካርቶን አመጣ። ውስጡ የሚገጣጠም የፕላስቲክ መርከብ አለ። ናቲ ከሚሠራበት ጋር አንድ ዓይነት የሆነ፣ ዕቃ ጫኝ፤ ሲያልቅ ክንድ ይረዝማል። ክፍሎቹ ከስድስት መቶ ይበልጣሉ፤ እንደ ቅጠል በፕላስቲክ ቅርንጫፍ ላይ ተያይዘው፣ እያንዳንዳቸው ቁጥር አላቸው። «አባዬ፣ ቀጣይ ፈቃዴን ስመጣ አብረን እንገጥማታለን» አለና ካርቶኑን ቡፌው ላይ አስቀምጦት ሄደ። ቀጣይ ፈቃድ አልመጣም።

መርዶውን ለመንገር ከሄዱት አንዱ እኔ ነበርኩ። ጎረቤት ስለሆንኩ የዕድሩ ዳኛና የቸርቻቸው ሽማግሌ «አንተም ና» አሉኝ። እንደ ወጉ ገና ጎህ ሲቀድ በሩን አንኳኳን። በዚያ ሰዓት ሦስት ወንድ በር ላይ ቆሞ ያየ ሰው ወሬውን ሳይነገረው ያውቀዋል። ጋሽ በርጋ ከፈተልን። እትዬ አስቴር ከኋላው ብቅ ስትል ገባት፤ አፏን ከፈተች። ጋሽ በርጋ መዳፉን ቀስ አድርጎ አፏ ላይ አደረገ።

«ቆይ አስቴር። ቆይ።»

ሽማግሌው ነገሩት። የቀጠረው የመርከብ ድርጅት ደብዳቤ ልኳል፤ ናትናኤል በሥራ ላይ ሳለ ከመርከቡ ወድቆ ባሕር ገብቷል፣ ለሁለት ቀን ፈልገውት አላገኙትም።

«ሲወድቅ ማን አየው?» አለ ጋሽ በርጋ።

«ማንም አላየም፤ በነጋታው ነው ያጡት።»

«አስከሬኑስ?»

«ባሕር ነው ጋሽ በርጋ።»

ትንፋሹን የያዘ መሰለኝ። ከዚያ «ከፍቼ ያላየሁትን ሞቷል ብዬ አላውቅም» አለ። «ግቡ፣ ቁርስ ብሉ።»

መርዶ ነጋሪ ቁርስ ሲበላ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሦስታችንም ተቀምጠን ዳቦ በሻይ በላን። ሻይ የቀዳችልን እትዬ አስቴር ናት፤ ስኳር ሁለቴ ጨመረችልን። ያ «ቆይ» ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ቆየ።

በዚያው ሳምንት ካርቶኑን ከቡፌው አወረደው። መሥሪያው ላይ አልሠራውም፤ ሳሎን፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። የመመሪያው ጽሑፍ በማናውቀው ፊደል ስለሆነ በሥዕሉ ነበር የሚሄደው። ክፍሎቹን ከቅርንጫፋቸው በጥፍር መቁረጫ ይቆርጣል፣ ጠባሳቸውን በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፣ ሙጫው እስኪይዝ በልብስ መቆንጠጫ ያጣብቃል። እሑድ ከቸርች ሲመለስ እኔም እሄዳለሁ። ሥራ ስለምወድ አይደለም፤ ዝምታው ይስበኝ ነበር። አንድ ጊዜ ላግዝህ ብዬ ትንሽ መሰላል በወረንጦ ሳነሳ ከእጄ ተፈናጥራ ጠፋች። ለሁለት ሰዓት ሁለታችንም በጉልበታችን ወለሉን ስንዳብስ ቆየን። እትዬ አስቴር ቆማ አየችንና «እዚህ ቤት የጠፋው መሰላል ነው?» አለች። እሱ ቀና አላለም። መሰላሉን ሱሪዬ እጥፋት ውስጥ አገኘነው።

የቀለሙም ነገር አለ። ቡታጅራ የፕላስቲክ ቀለም ከየት ይመጣል? ከእኔ ሱቅ የጥፍር ቀለም ወሰደ፤ ሁለት ደርዘን ቀይ፣ አንድ ነጭ። በማግሥቱ ከተማው ሁሉ አወቀ። የቸርች ሽማግሌዎች ሳይቀሩ መጥተው «ወንድም በርጋ፣ ቀይ የጥፍር ቀለም ለማን ነው?» ብለው ጠየቁት።

«ለሆዷ ነው» አለ። «መርከቧ ከታች ቀይ ናት።»

«የትኛዋ መርከብ?»

ወስዶ አሳያቸው። ቆመው አዩና ወጡ። የመጀመሪያው ቅብ ፕላስቲኩን አቅልጦ አሸበሸበው፤ አንድ ወር ሙሉ ፍቆ፣ በስሱ፣ ቅብ በቅብ መለሰው። ትዕግሥቱ ያስፈራ ነበር። ሰው በዚህ ትዕግሥት የሚሠራው መጨረሻውን ሲፈራ ነው።

ከዚያ የዳሩ አጥር ላይ ደረሰ። መርከበኛ እንዳይወድቅ ዙሪያውን የሚታጠረው ብረት፣ እዚህ ከክር የቀጠነ ፕላስቲክ ነው። መመሪያው ላይ መርከቧ ከእውነተኛዋ ሦስት መቶ ሃምሳ ጊዜ ታንሳለች የሚል ቁጥር አለ። ጋሽ በርጋ የናቲን ቁመት በዚያ ቁጥር አካፈለ። አምስት ሚሊ። ከቅርንጫፉ ትራፊ አምስት ሚሊ ቆርጦ፣ ጫፏን አሹሎ ጭንቅላት አበጀላት፤ በወረንጦ ይዞ አጥሩ አጠገብ አቆማት። ማጉያውን ሰጠኝ።

«እይ። አጥሩ የት ደረሰው?»

አየሁ። «ደረቱ ሥር ጋሼ።»

«ደረቱ ሥር አጥር ያለው ሰው ይወድቃል?»

«ማዕበል ቢኖርስ?»

«ደብዳቤው ማዕበል አይልም። የእኛ የጥያ ድንጋይ እንኳ የተቀረጸበትን ሰይፍ ታጥቆ ይሄን ሁሉ ዘመን ቆሟል፤ የእኔ ልጅ ቀጥ ባለ ብረት ላይ ይወድቃል?»

ጥያ ላይ የወደቁ ድንጋዮችም እንዳሉ አውቃለሁ። አልተናገርኩም። ነጋዴ መቼ ዝም እንደሚባል ያውቃል፤ በዚያ ቤት ግን ዝምታዬን ከልክ በላይ አበዛሁት።

ከመርከቧ ጋር የመጣው ሙጫ ያን ሰሞን አለቀ፤ የተረፈውም ቱቦው ውስጥ ደረቀ። «አታስብ፣ እኔ ጋ አለ» አልኩና ትንሿን ሱፐር ግሉ አመጣሁለት። ጫማም፣ ማንጠልጠያም፣ የተሰበረ ጥርስም የምታጣብቀዋን። ከቀሩት ዋናው መርከቧን የሚመራው ሰው የሚቆምበት ክፍል ነው፤ ዙሪያውን መስኮት አለው፣ መስኮቶቹም እንደ እውነተኛ ብርጭቆ የጠሩ ናቸው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ገጠመው፤ ጣሪያውን ከደነ፤ እንደ ልማዱ አቧራ እንዳይገባ የመስታወት ክዳኑን ደፋበት።

ጧት ሱቄን ሳልከፍት አስጠራኝ። ስገባ ክዳኑን አንስቶ ቆሟል።

መስኮቶቹ ሁሉ ነጥተዋል። ጧት በብርድ ሰው መስታወት ላይ «ሃ» ሲል እንደሚነጣው ያለ ነጭ። ሌላው የመርከቧ አካል ምንም አልሆነም። መስኮቶቹ ብቻ።

«በጨርቅ ጠረግኩት፤ አልወጣም» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከውስጥ ነው።»

ለሦስት ቀን እንደ ራሰ ሰዓት አከመው። ፀሐይ ላይ አወጣው። ሩዝ ውስጥ ቀበረው። መብራት ሥር አቆመው። ነጩ ንቅንቅ አላለም። በአራተኛው ቀን መሥሪያው ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ፣ መንገዱን እያየ፣ እንዲህ አለኝ፦

«አርባ ዓመት ሙሉ የነጣ መስታወት አይቻለሁ። መስታወት ከውስጥ የሚነጣው ውስጡ እርጥበት ሲኖር ነው። ውኃ ከሆነ ፀሐይ ያደርቀዋል። ይሄ አልደረቀም።»

«እና ምንድን ነው?»

«ውኃ ካልሆነ» አለና ቆመ። የቸርች ሰው ነው፤ በጥንቆላ የሚያምነውን ሁሉ ሲገሥጽ የኖረ። የሚቀጥለውን ቃል ለመናገር አፈረ። «ሸምሱ፣ ሰው በሌለበት ቤት መስኮት አይተነፍስም።»

ወላሂ፣ ፀጉሬ ቆመ። አንባቢ ይሳቅብኝ፤ ያን ጊዜ ናቲ በሕይወት አለ ብዬ እኔም አመንኩ።

እትዬ አስቴርም አይታዋለች። «ምን ማለት ነው?» ብላ ስትጠይቀው «በለቅሶ አንቸኩል ማለት ነው» አላት። ድንኳን አልተተከለም። ፎቶው አልወጣም። ሰው ቤታቸው ሲመጣ «ናቲስ?» ማለትም፣ «ነፍሱን ይማር» ማለትም አይችልም። ዘመድ መምጣት ቀነሰ፤ ምን ተብሎ ይመጣል?

ከጥቂት ወራት በኋላ እትዬ አስቴር ሱቄ መጣች። ጥቁር ሻሽ መረጠች፣ ከፈለች፣ ከዚያ አጥፋ መለሰችልኝ።

«እዚህ አስቀምጥልኝ። ቤት ካየው ይከፋዋል።»

«እሺ እትዬ።»

ለመሄድ ዞር ብላ ተመለሰች። «ሸምሱ፣ አንተ የእሱ ወዳጅ ነህ። ካለ ይምጣልኝ፤ ከሌለ ላልቅስ። እኔ ሌላ ምንም አልጠየቅኩም። እንጀራ ስበላ ልጄ ይበላ ይሆን እላለሁ፤ ስተኛ አፈር አላለበስኩትም እላለሁ። መሃል ላይ ተንጠልጥሎ መኖር እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። ሻሹን ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከሳሙናው ጀርባ አስቀመጥኩት።

ዓመት አለፈ። ከመርዶው ወዲህ ሁለተኛው መስቀል ሲቃረብ አንድ መምህር ደንበኛዬ የማንበቢያ መነጽሩን ጠረጴዛዬ ላይ ወርውሮ «ይሄ ነው ሙጫህ?» ብሎ ጮኸብኝ። የተሰበረ እጀታውን በእኔ ሱፐር ግሉ አጣብቆ፣ ማኅደሩ ውስጥ ከትቶ አሳድሮት ነበር። መነጽሩን አነሳሁ። ሁለቱም ሌንስ ነጥተዋል።

ሌላ መነጽር ሰጥቼ ሸኘሁት። ከዚያ ከፀጉር ማስያዣ ዕቃ ላይ የጠራ የፕላስቲክ ክዳን ወሰድኩ፤ ውስጡ አንዲት ጠብታ ሙጫ ጣልኩና ዘጋሁት። ጧት ስከፍተው ነጥቷል። የዚያው መስኮት ነጭ። የሙጫው ትነት ነው። እሱ ደግሞ መስታወት ደፍቶበት ሲያሳድረው ትነቱ መውጫ አጥቶ መስኮቱ ላይ ተኛ። ትንፋሽ የመሰለን ከእኔ መደርደሪያ የወጣ ዕቃ ነበር።

ለመናገር ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። በመጨረሻ ክዳኑን ይዤ መሥሪያው ሄድኩ። ጋሽ በርጋ ከአንድ የእንሴኖ ገበሬ ጋር ነበር። «አባ፣ ይሄ ሞቷል፤ ለማንም እንዳትከፍል» አለው። ገበሬው አመስግኖ ሄደ። ክዳኑን ፊቱ አስቀመጥኩለት።

አነሳው። ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ለረጅም ጊዜ አየ። በጥፍሩ ፋቀው። ጥግ ላይ የደረቀችውን ጠብታ አየ። መንገር አያስፈልግም ነበር፤ ዕቃ የሚያነብ ሰው ነው።

«ስንት ቀን ፈጀበት?»

«አንድ ሌሊት።»

ማጉያውን አወለቀ። ዓይኑ ሥር ክብ ምልክት ቀርቶበት ነበር። በዕድሜዬ እንደዚያ በአንድ ቅጽበት ያረጀ ሰው አላየሁም።

«ለሰው አሳይተሃል?»

«ለማንም።»

«አታሳይ።»

«ጋሼ፣ እትዬ አስቴር…»

«ሸምሱ። አታሳይ። ማልልኝ።»

ሃያ ዓመት ሙሉ በመሐላዬ ሲቀልድ የኖረ ሰው ማልልኝ አለኝ። ማልኩለት። ክዳኑን መሳቢያው ውስጥ ከተተው፤ ስለ እሱ ዳግመኛ አልተነጋገርንም።

ከዚያ ቀን በኋላ ግን አንድ ነገር ተበላሸ። «ሞቷል» ማለት አቃተው። ሰው ሰዓት ሲያመጣ ከፍቶ ያያል፤ ይዘጋል፤ «ሳምንት ተመለስ» ይላል። ሳምንት ሲመለሱ «ትንሽ ቆይ» ይላል። ሰዓቶቹ መስታወቱ ሥር ተከማቹ። ባለቤቶቹ በእሱ ስለሚተማመኑ አይቆጡም፤ «ጋሽ በርጋ ሞቷል ካላለ ይነሣል ማለት ነው» እያሉ ይመለሳሉ። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ እሰማለሁ። አንድ ቀን ያ የእንሴኖ ገበሬ ሌላ ሰዓት ይዞ መጣ፤ «ይሄስ?» አለው። ጋሽ በርጋ ሰዓቱን ጆሮው ላይ ለጥፎ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። ምንም እንደማይሰማ ሁለታችንም እናውቃለን። «ተስፋ አለው» አለ።

ድሮም የነበረበት የስኳር በሽታ ባሰበት። እግሩን፣ ከዚያ ኩላሊቱን። ሲሞት መርከቧ ጠረጴዛው ላይ ነበረች፤ አላለቀችም። የሚቀራት አንድ መልሕቅ ብቻ ነበር።

ከእንሴኖ ስመለስ ሱቅ ከፍቼ ሻሹን ከሳሙናው ጀርባ አወጣሁና ወሰድኩላት። ተቀብላኝ ሳታየኝ አሰረችው። ድንኳኑ ተተከለ፣ የቸርች ዘማሪዎች መጡ፣ ከሶዶ ዘመድ በሁለት አውቶቡስ ወረደ። አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ እትዬ አስቴር ከሴቶቹ መሃል ተነሥታ ወደ ሣጥኑ ሄደች። ሁሉም «በርጋዬ» ስትል ሊቀበላት ተዘጋጅቷል።

«ናቲዬ!» አለች። «ናቲዬ! ልጄ! ናቲዬ!»

አንዳንዱ ሐዘን አዙሯት የተሳሳተች መሰለው። የዕድሩ ዳኛ ግን ገባው፤ አንገቱን ደፋ። ከዚያ የሶዶ ሴቶች አንድ በአንድ «ናቲ» እያሉ ተቀበሏት። የአባትየው ሣጥን በልጁ ስም እየተለቀሰለት ወጣ። ከመቃብር መልስ ድምፅ አልቀረላትም ነበር።

መሥሪያውን የማጽዳት ሥራ ለእኔ ደረሰ። አርባ ሦስት የሰው ሰዓት ተገኘበት። ለሁለት ሳምንት ባለቤቶቹን እየፈለግኩ መለስኩ፤ ወደ ጉብሬ፣ ወደ እንሴኖ፣ ወልቂጤም ድረስ። ለእያንዳንዱ «ሞቷል፤ ለማንም እንዳትከፍል» እላለሁ። ሰዎቹ ፊቴን ያያሉ፤ ከእኔ አፍ ሲወጣ ማን ያምናል? አንዲት ሴትዮ «ጋሽ በርጋ ግን ተስፋ አለው ብሎኝ ነበር» ብላ ተቆጣችኝ።

ለቅሶ ደራሹ ሲቀንስ እትዬ አስቴር ጋ ሄድኩ። ለሞተ ሰው የተማለ መሐላ እስከ መቼ እንደሚይዝ ሸኹን ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ መልሱን ፈርቼ ተውኩት። ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጥን። መስኮቶቹ አሁንም ነጭ ናቸው። ሁሉንም ነገርኳት። ሙጫውን፣ መነጽሩን፣ ክዳኑን፣ «አታሳይ» ማለቱን። አላቋረጠችኝም።

«እሱ መቼ አወቀ?»

«በሁለተኛው መስቀል ሰሞን።»

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ እየቆጠረች ነበር።

«ከዚያ ወዲህ ልደቱን ሁለቴ አክብረናል» አለች። «እኔ ይቅርብን ብዬ ነበር። ላለ ልጅ ይከበራል አለኝ። ኬክ ቆረስን።»

ዓይኔን ወደ መርከቧ መለስኩ።

«ሻማውን ካንተ ነው የገዛሁት ሸምሱ።»

«አዎ እትዬ።»

«የቁጥር ሻማውን። ስንት ሞላው ብለህ ጠይቀህ፣ ቁጥሮቹን መርጠህ፣ በወረቀት ጠቅልለህ የሰጠኸኝ አንተ ነህ። ሃያ ስምንት። ከዚያ ሃያ ዘጠኝ።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህብኝ፣ ብትረግመኝ፣ ከቤቴ ውጣ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር፤ ለዚያ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። እሷ ግን ተነሥታ ጓዳ ገባች፤ ቆጮና ጎመን በሳህን ይዛ መጣች፤ ፊቴ አስቀመጠችው።

«ብላ» አለችኝ።

እምቢ ማለት አልቻልኩም። በላሁ። እሷ አልተቀመጠችም፤ ሳህኑን እስክጨርስ ድረስ ቆማ ታየኝ ነበር።